አቤት በይ

እናቴን ዝም ያሰኟት የትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ መምህርት ናቸው፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ። ይህን በቅድሚያ ተናግሬ ልረፍ። ትናንት ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ሱቅ ደጅ የቆመ ማይክ ሲጥ ብሎ አፏጨና ጥርሴን ጠዘጠዘኝ። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር ያፏጨው።

ትምህርት ቤቱ እዚሁ ልደታ ነበር። በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ዜናና ግጥም ያሰማል፤ ድምፅ ማጉያው ባህር ዛፍ ላይ ታስሮ ስለነበር ሜዳው ሁሉ ይሰማል። ክፍሏ ጠባብ ነበረች፤ የጠመኔ አቧራና የጋለ አምፕሊፋየር ትሸታለች። ያን ሽታ እወደው ነበር። እዚያ ገብቼ ማንበብ እንጂ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

አንባቢ ሊመርጡ የሰበሰቡን ቀን መምህርቷ ስማችንን ጠሩ። የእኔ ሲደርስ፣ ደስታው ነው መሰለኝ፣ ቤቴ ያለሁ ያህል «ለበይክ!» አልኩ። እናቴ ወሎ ተወልዳ ያደገች ናት። እኛ ቤት ለጠራን ሰው ለበይክ እንጂ አቤት አንልም።

ልጆቹ አውካኩ።

«ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው።»

«ለበይክ።»

«ሐጂት መጣችልን!» አለ አንዱ ከኋላ።

እሳቸው አልሳቁም። ይልቅ ዓይናቸው በራ። «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። እናቴ ናት አልኳቸው። «እንግዲያው አምጪያት። ‹የትኛው ቋንቋ ለጆሮ ይጣፍጣል› የሚል ዝግጅት አለን። እንደ ቤቷ ታውራልን።»

ሮጬ ነበር የነገርኳት። እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇን ከአረፋው አወጣችና አየችኝ።

«እኔን? ምን ልበል ብለው?»

«እንደ ቤትሽ አውሪ ብቻ ነው ያሉት።»

«ይሁና። አብሽሪ፣ አላሳፍርሽም።»

አብሽሪ ማለት አይዞሽ ማለት ነው። ዛሬ የታክሲ ረዳቱ ሁሉ «አብሽሪ እናቴ፣ ትደርሻለሽ» ይለኛል፤ የአራዳ ቃል መስሎት። ያኔ እንዲህ የሚል ሰው ከገጠር ትናንት የመጣ ይባል ነበር።

በዝግጅቱ ቀን አንዱ ልጅ ከአባቱ ጋራዥ የለቀመውን ጣሊያንኛ ደረደረ። አንዷ ፈረንሳይኛ አነበነበች፤ ምን እንዳለች ማንም ባይገባውም ተጨበጨበላት። ከዚያ እናቴ ማይኩ ወዳለበት ክፍል ገባች፤ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ሻሿን አጥባ፣ በፀሐይ አድርቃ ነበር የመጣችው። መምህርቷ ወንበር ስበው «ይቀመጡ እናቴ፣ ቤትዎ ነው» አሏት። እናቴ ግን ቆማ መረቀች። ቁጭ ተብሎ አይመረቅም።

«ቀለም ይግባችሁ። የገባውም አይውጣባችሁ። ላሳደጋችሁ ጧሪ ያርጋችሁ። አሚን በሉ እንጂ፣ ምነው ዝም አላችሁኝ!»

ሜዳው «አሚን!» አለ። እናቴ የእያንዳንዱን ቃል ጫፍ ሳብ አድርጋ፣ ልክ ሕፃን እንደምታስተኛ ነበር የምትለቀው። እኔ ብዙ ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ቤት ሠርቼ፣ በየዓይነቱ ቋንቋ ሲለመንና ሲማል ሰምቻለሁ። እንደዚያ ያለ አልሰማሁም።

እናቴ ወጥታ ባንዲራው ሥር ከእኔ ጋር ቆመች። «አላሳፈርኩሽም አይደል?» አለችኝ። ያኔ ነው ማይኩ ያፏጨው። ሳይዘጉት ኖሯል፤ የመምህርቷ ድምፅ ከባህር ዛፉ ላይ ወረደ።

«ለሳቅ ነዋ ያመጣኋት! ይሄም ቋንቋ ሆኖ? አንደበቷ ያልተገራ። ልጅቷ ደግሞ ይህን አፍ ይዛ አንባቢ አድርጉኝ ትላለች።»

ሌላ መምህር ሲስቅ ተሰማ። ከዚያ ሜዳው ሳቀ፤ አሁን አሚን ያለው ሜዳ።

እናቴ እጄን ይዛ ከግቢው ወጣች። ተክለ ሃይማኖት ጋ ስንደርስ ሻሿን ወደ ግንባሯ ጎተተችው። ማታ ከጓዳ ስትጠራኝ እንደ ልማዴ «ለበይክ» አልኩ።

«አቤት በይ» አለችኝ።

«ለምን?»

«አቤት በይ አልኩሽ።»

ከዚያ በኋላ እንደ ሰፈሩ ሰው ማውራት ለመደች፤ በሰው ጫማ እንደሚሄድ ሰው፣ ቀስ እያለች። ሱቅ እኔን ትልካለች። ለቅሶ ቤት ከሆነ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ሠፈርተኛው «ጨዋ ናት፣ አትናገርም» ይላት ነበር። በመጨረሻዋ ሰሞን ሐኪም ቤት ሆነን ነርሷ ስሟን ጠራች። እናቴ ትኩሳቱ አድክሟት ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። ምናልባት አሁን ብዬ ጠበቅኩ።

«አቤት» አለች።

መምህርቷ ብዙ ዕድሜ ኖሩ። አምና ሲያርፉ ልጃቸው ቤቴ ድረስ መጣች። «እትዬ፣ የእማዬን የሕይወት ታሪክ እርስዎ ያንብቡልን፤ እንደ እርስዎ አማርኛው የጠራ ሰው ሠፈሩ ውስጥ የለም» አለችኝ። እሺ አልኳት።

አስከሬኑ ከመውጣቱ በፊት ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ አነበብኩ። የተወለዱበትን፣ የተማሩበትን፣ የወለዷቸውን ልጆች አነበብኩ። «ለቋንቋ ልዩ ፍቅር የነበራቸው» የሚል መስመር ነበረበት። እሱን ዘለልኩት። የቀረውን አንብቤ ወረቀቱን ለልጃቸው መለስኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።