የአባቴን ስም ማንበብ ያቃተው ኮምፒውተር

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብዕር ወንጌል የሚገለብጡ መሪጌታ። በቤታችን አዲስ ነገር የሚጀመረው በእሳቸው እጅ ነው። ደብተር ሲገዛልኝ የመጀመሪያውን ገጽ «በስመ አብ» ብለው የሚከፍቱት እሳቸው ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ላፕቶፕ ይዤ ላሊበላ ስመለስም ልማዱ አልቀረም። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ስጭን የተጠቃሚ ስም ጠየቀኝ፤ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ አዞርኩላቸውና በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው ጻፉ። ስክሪኑ ላይ ሲያዩት ፊደሉን አሳመረው ብለው ተደሰቱ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን አውቄ!

ያኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ላሊበላ መቅረት። እናቴ የለችም፣ የአባቴ ዓይን እየደከመ ነው፣ ከእኔ ሌላ ሰው የላቸውም። የተማርኩት ግን ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ በላስታ ምድር ለዚህ ሥራ ማን ይቀጥራል? በስንት ደጅ ጥናት አንድ ባለሆቴል ተገኘ። ቱሪስት ሲበዛ አንዱን ክፍል ለሁለት ሰው እየሰጠ ሲሰደብ የኖረ ሰው ነው። ክፍል የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠርተሽ ከገና በፊት ካሳየሽኝ ሥራው ያንቺ ነው፣ አለዚያ ከአዲስ አበባ ሰው አስመጣለሁ አለኝ።

ፕሮግራም የሚጻፍበትን መሣሪያ ከሲዲ ጫንኩና ከፈትኩት። አርማው ብቅ ይላል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ድርግም! ከዚያ መሥራት አቁሟል የምትል አንዲት ሳጥን ትመጣለች። ለምን አቆመ? ማን ይንገርሽ! አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። አራግፌ መልሼ ጫንኩት፤ ያው። ከፍላሽ የገባ ቫይረስ ነው ብዬ ስፈትሽ ዋልኩ። መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣ ደግሞ እንደገና እጀምራለሁ። ቴሌቪዥኑ ስለ አይሲቲ ልማት ጧት ማታ ይለፍፋል፤ እኛ ኢንተርኔት ቤት ግን አንድ ገጽ እስኪከፈት ተራራው ላይ ያለችውን አሸተን ማርያምን ተሳልሞ መመለስ ይቻላል። እዚያው ሲዲውን በእነሱ ኮምፒውተር ብሞክረው ሳያንገራግር ተከፈተ። ሥራዬን እዚያ ልሥራ ብል ባለቤቱ ቱሪስት እየጠበቀ ነው ብሎ አስነሳኝ። በሽታው የእኔው ላፕቶፕ ውስጥ እንደሆነ ግን አወቅሁ።

የመጨረሻውን መድኃኒት ወሰድኩ፤ ሁሉንም ደምስሼ ዊንዶውሱን ከዜሮ ጫንኩት። ስም ሲጠይቅ ማን ይጻፍ? አባቴ ናቸዋ! መነጽራቸውን አድርገው፣ አሁንስ ይቅናት ብለው አማትበውበት ጻፉ። መሣሪያው እንደ ልማዱ ድርግም አለ።

ገና ሲቃረብ ባለሆቴሉ ዘንድ ሄጄ ጥቂት ቀን እንዲጨምርልኝ ለመንኩት። ላፕቶፑን አየ፣ እኔን አየ።

«የኔ እህት፣ የራስሽን ዕቃ ማዳን ያቃተሽ፣ ሆቴሌን እንዴት አምኜ ልስጥሽ?»

ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ሥራውን ወሰደ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከበዓሉ በኋላ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ። አባቴን ለጎረቤት አደራ ብዬ መሄዴ ነው። ላፕቶፑን ልሸጠው አሰብኩና፣ በመሪጌታ ስም የሚከፈት ኮምፒውተር ማን ይገዛል ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ሌላ መግቢያ አዘጋጀሁ። በተስፋ ሳይሆን በንዴት መሣሪያውን ጠቅ አደረግሁት። ተከፈተ። ወደ አባቴ መግቢያ ተመለስኩ፤ ድርግም። ወደ አዲሱ፤ ተከፈተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ዊንዶውስ በተጠቃሚው ስም አንድ ፎልደር ያበጃል፤ መሣሪያው ሲነሳ ፋይሎቹን እዚያ ይፈልጋል፤ የፎልደሩ ስም በእኛ ፊደል ሲሆንበት ማንበብ አቅቶት ይወድቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። የሠሩት ሰዎች ከእነሱ ፊደል ሌላ ፊደል በዓለም ላይ መኖሩ ትዝ አላላቸውም። ደሜ ፈላ።

አባቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። ሕመሙ ተገኘ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ንዴቴ ቀደመኝ።

«ስምዎ ነው አባ። የኛን ፊደል አያውቅም፤ ስምዎን ሲያይ ነው የሚወድቀው።»

ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፣ የእርስዎ አይደለም ብዬ ስንት ጊዜ አስረዳኋቸው። አዎ፣ ገብቶኛል አሉ፤ ብራናቸውን አንስተው ወደ ብርሃኑ ወጡ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለበዓል ስመጣ አዲስ ላፕቶፕ ይዤ ነበር። የእኛን ፊደል የማይፈራ መሣሪያ መርጬ፣ እሳቸው እንዲጀምሩልኝ ብዬ ሳልከፍተው ነው ያመጣሁት። ፊታቸው አስቀምጬ፣ አማርኛውን አዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ወንጌል የጻፉበትን እጅ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ተይ ልጄ» አሉኝ፣ «ይበላሽብሻል።»