ለቀቀኝ ብዬ የመሰከርኩት ፍርሃት

ሰው ፊት ቆሞ መናገር አይከብደኝም። የሚከብደኝ ጨለማና ጠባብ ቦታ ነው። ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ባለው ቤታችን መብራት በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ በረንዳው ላይ የምገኘው እኔ ነኝ። ሊፍት ያለበት ሕንፃ ስሄድ «ለጤና ጥሩ ነው» እያልኩ በደረጃ እወጣለሁ። ማታ የኮሪደሩ መብራት ካልበራ አልተኛም። ይህን ባለቤቴ ታውቃለች። ሌላ ሰው እንዲያውቅብኝ ግን አልፈልግም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ የሚያስተምር፣ ጢሙ የሸበተ ሰው እንዴት ጨለማ ይፈራል?

እንግዲህ ዋሻ ልገባ የተመዘገብኩት ይኸው ሰውዬ ነኝ። ሥነ ምድር የሚያስተምር አንድ ባልደረባ አለኝ፤ ከሰሜን የመጣ፣ ቀልደኛ፣ ጾሙን የማይሽር ኦርቶዶክስ። ባሌ ውስጥ አንድ ረጅም ዋሻ ገብተን ሁለት ሌሊት እዚያው አድረን እንመለሳለን ብሎ በመምህራን ክበብ ሰው ያሰባስብ ነበር። ወደ እኔ ዞረና «አንተን እንኳ አልጠይቅህም፣ የወንበር ሰው ነህ» አለኝ። በዚያች ቃል ተናድጄ «ጻፈኝ» አልኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

እንቅልፍ አጣሁ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ ሰው የለመነውን ነገር ገና ሳይቀበል፣ እንደተቀበለ አድርጎ በጉባኤ ፊት ይመሰክራል። በእምነት ማወጅ እንለዋለን። ሥራ ሳያገኝ «ተቀጠርኩ» ያለ አለ፤ የተሳካለትም አለ። ፋሲካ ወር ገደማ ሲቀረው፣ አንድ እሑድ መድረክ ላይ ወጣሁ። የፍርሃት መንፈስ ከልጅነቴ ጀምሮ አስሮኝ እንደኖረ፣ ጌታ ግን በዚያ ሳምንት እንደፈታኝ ተናገርኩ። ጉባኤው እልል አለ። መድረክ ሰውን ያሞቃል፤ «ለቀቀኝ» ብዬ ልወርድ የወጣሁት ሰውዬ «ከእንግዲህ ጨለማው ራሱ ይፍራኝ» ብዬ ወረድኩ። ባጃጅ ውስጥ ከገባን በኋላ ባለቤቴ፣ «እንግዲያው ዛሬ የኮሪደሩን መብራት ላጥፋው?» አለችኝ። «ተዪው» አልኳት።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ የቤት ሳቅ ሆኖ ይቀር ነበር። በዚያው ሳምንት ከረቡዕ ጸሎት በኋላ ግን አንዲት እናት በር ላይ ጠበቁኝ። እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው በዕድሜ ምክንያት ቤት የዋሉ፣ ሲቸኩሉ አማርኛቸው ከሲዳምኛ ጋር የሚቀላቀልባቸው ሴት ናቸው። ራሳቸውን ማመም ከጀመራቸው ቆይቷል፤ አንድ ዓይናቸውም እየደበዘዘ ነው። ሐኪሙ ኤም አር አይ በሚባለው ማሽን ውስጥ ተኝተው እንዲታዩ አዟል፤ አይዘግዩ ብሏል። እሳቸው ግን ማሽኑን ሲያዩት ተመልሰው ወጥተዋል።

«ልጄ፣ ጉድጓድ እኮ ነው። መቃብር ነው። እግሬ እምቢ አለኝ» አሉኝ። «አንተን የፈታ ጌታ እኔንም ይፍታኝ። እጅህን ጫንና ጸልይልኝ። ልክ እንዳንተ ሲለቀኝ እገባለሁ።»

ያን ጊዜ «እማማ፣ እኔንም ገና አልለቀቀኝም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እጄን ጫንኩባቸውና ድምፄን ከፍ አድርጌ ጸለይኩ። እሳቸው እያለቀሱ አሜን ይላሉ፤ እኔ የአዳራሹ አምፖል እንዳይጠፋ ዓይኔን ከጣሪያው አላነሳም። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምት ገብቶ ዋሻውን ውኃ ሳይሞላው ሄድን። ባልደረባዬ፣ እኔና ሌሎች ሦስት መምህራን ነበርን። የቀን ብርሃን ከኋላችን እስኪጠፋ ድረስ ደህና ነበርኩ፤ እንዲያውም ቀልጃለሁ። አዳራሽ የሚያህል ቦታ ስንደርስ ሸራ አነጠፍን፣ ስሊፒንግ ባግ የሚባለውን የመኝታ ከረጢታችንን ዘረጋን፣ በትንሽ ቡታጋዝ ፓስታ ቀቅለን በላን። ከዚያ ባልደረባዬ ባትሪ እንዳይባክን ሁሉም መብራቱን ያጥፋ አለ።

ጠፋ። እጄን ዓይኔ ሥር አምጥቼ አላየሁትም። አየር አጠረኝ። ሳላስበው «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» እያልኩ መቃተት ጀመርኩ። ጸሎት አልነበረም፤ ልጅ ሲደነግጥ እናቱን እንደሚጠራው ነው። አንዱ «ምን ሆነ?» ሲል ባልደረባዬ «የጸሎት ሰው ነው፣ አትረብሹት» አለ። አክብረውኝ ዝም አሉ። እኔም ክብሩን ተቀበልኩና ስልኬን ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ አብርቼ፣ ራሴን ሸፍኜ አደርኩ። ሲነሱ «እንዴት ያለ ጸሎት ነው» አሉኝ፤ እንደ ትሑት ሰው አንገቴን ደፋሁ።

በማግስቱ ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚያስገባው መንገድ በደረት እየተሳቡ የሚያልፉበት ጠባብ ቀዳዳ ሆነ። ባልደረባዬ ቀድሞ አለፈ። እኔ ተከተልኩ፤ ሦስቱ ከእኔ ኋላ ገቡ። መሃሉ ላይ ስደርስ ጀርባዬ ጣሪያውን ነካና ቀረሁ። የያዘኝ ድንጋይ አልነበረም። ወደፊትም ወደኋላም አካሌ አልታዘዝም አለኝ።

«ምነው?» አለ ባልደረባዬ ከማዶ።

«እየጸለይኩ ነው።»

«ስትጨርስ ንገረኝ። ከኋላህ ያሉት ጭቃ ላይ ተኝተው እየተንቀጠቀጡ ነው።»

በለፈለፉ ይጠፉ ይባላል። አፍንጫዬ ጭቃ ነክቶ፣ በጌታ ስም እየዋሸሁ፣ ሦስት ሰው በብርድ አግቼ ተኝቻለሁ። እውነቱን የተናገርኩት ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሌላ የምለው ስላለቀብኝ ነው። «ፈርቼ ነው» አልኩ። «መንቀሳቀስ አልቻልኩም። ትናንትም ፈርቼ ነው እንጂ ስጸልይ አልነበረም።» ከዚያ አለቀስኩ፤ ከፊትም ከኋላም ሰሙኝ።

ይስቅብኛል ያልኩት ሰው አልሳቀም። «እሺ፣ ፍራ» አለኝ ረጋ ብሎ። «እየፈራህ ቀኝ ክርንህን ወደፊት አድርግ። ጎሽ። አሁን ግራውን።» አደረግኩ። ፍርሃቱ ምንም አልቀነሰም፤ ክርኔ ግን ሄደ። በዚያኛው በኩል ስወጣ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ማታ ውስጠኛው ክፍል ስንሰፍር፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት «እኔ ጨለማ እፈራለሁ፣ መሃል አስተኙኝ» አልኳቸው። አስተኙኝ። እየፈራሁም ቢሆን ያለ መብራት ተኛሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ሐዋሳ ስንመለስ ባልደረባዬ «እዚያ የሆነውን ማንም አያወራብህም» አለኝ። ደስ አለኝ። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር።

በተመለስኩበት እሑድ የመርሐ ግብሩ መሪ «ከምድር በታች አድሮ የመጣው ወንድማችን ይውጣና ለጌታ ክብር ይስጥ» አለ። ከወንበሬ ስነሳ እውነቱን ልናገር ነበር። ማይኩን ይዤ ስዞር ሽማግሌዎቹን፣ ከኋላ የተቀመጡ ተማሪዎቼን፣ ለማጨብጨብ የተዘጋጀውን ሁሉ አየሁ። ዋሻ ውስጥ ከአፌ የወጣው ቃል እዚህ አልወጣ አለኝ። «ገባሁ፣ አልፈራሁም፣ ጌታ የታመነ ነው» አልኩ። እልልታው ከበፊቱ በረታ። ባለቤቴን ላለማየት በሌላው በኩል ዞሬ ወረድኩ።

እኚያ እናት ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። አጠገባቸው ደርሼ ሰላም እስክላቸው ድረስ አልለዩኝም።

«ልጄ፣ እኔን አልለቀቀኝም» አሉ። «ሁለት ጊዜ ሄድኩ፣ ሁለቴም ከበሩ ተመለስኩ። ጾሜ ጸለይኩ። ላንተ በአንድ ሳምንት የሰጠህን እኔን ለምን ይከለክለኛል? ምን በድዬው ይሆን? አንተን ይሰማሃልና ጠይቅልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ፤ ያውም መሬት ውስጥ ምን እንዳለ እያወቅኩ። «እማማ፣ እርስዎ ምንም አልበደሉም» አልኳቸው። «እኔንም አልለቀቀኝም።» ሁሉንም ነገርኳቸው። የኮሪደሩን መብራት፣ ስልኩን፣ ጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ማልቀሴን፣ ለእሳቸው ስጸልይ ዓይኔ የት እንደነበር ነገርኳቸው። አሁን መድረክ ላይ ያልኩትም ውሸት ነው አልኩ።

ፊቴን ለማየት ጠጋ አሉኝ።

«ታዲያ እየፈራህ ነው የገባኸው?»

«አዎ።»

«እያለቀስክ?»

«እያለቀስኩ።»

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። «እንዲህም ይገባል እንዴ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ «ነገ እሄዳለሁ» አሉ። አብሬዎት ልምጣ ስላቸው «ና» አሉኝ። ጥቂት ተራምደው ቆሙ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ግን ልጄ፣ ያኔ እዚያ ላይ ቆመህ እፈራለሁ ብትል ኖሮ፣ እኔ እኮ ከፋሲካ በፊት ገብቼ ነበር።»