አባ ያዩት ብርሃን

ቅዳሜ ጠዋት

ከፍኖተ ሰላም የተነሣሁት በጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በዓይን ክፍል የምሠራ ነርስ ብሆንም የሄድኩት ለሥራ አልነበረም። ቡሬ ገጠር የምትኖረው አክስቴ ጥሩወርቅ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ሐኪም ቀዶ ሕክምና አዝዞላት ነበር። እሷ ግን አንድ ባሕታዊ «ብርሃን አለሽ» ስላሏት «ቢላዋ አይነካኝም» ብላ ቤቷ ተቀመጠች። እሳቸው ብርሃን ያዩበት ሰው አይሞትም ይባላል። እኔም ታከሚ እንዲሏት ልለምናቸው ነው የሄድኩት። «ፈሪ ለእናቱ» እየተባልኩ ያደግሁ ነኝና እሳቸውን ገና ሳላያቸው ፈራሁ።

የሚኒባሱ ዋጋ ስድስት ብር ነው። ማንኩሳ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ቆሎ ገዝቼ ሳልቀምሰው ያዝኩት። ቡሬ በየግቢው በርበሬ ተሰጥቶ እያስነጠሰኝ አለፍኩ። ከአክስቴ ቤት የአባ ጎጆ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አክስቴ ቀድማኝ ትራመዳለች፤ ዳገቱ ላይ ብብቷን ይዛ ስትቆም ግን ፊቷን ታዞርብኛለች።

ስድስት ሰዓት

ጎጆው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ በሩ ወደ ፀሐይ ተከፍቷል፣ መስኮት የለውም። አባ የመጣላቸውን ሁሉ ለድኻ ሰጥተው ራሳቸው ሽምብራ ቆርጥመው የሚያድሩ ሰው ናቸው። ገና ስገባ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ «ምን አስፈራሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

አክስቴን ስለታመመች በሩ ላይ አስቀመጧት። እኔ ሊባረኩ ከመጡት ሰዎች መካከል ከውስጥ ጥግ ተሸጎጥኩ። አባ ዙሪያውን ቃኝተው «በጥሩወርቅ ላይ ዛሬም ብርሃን አለ። በአንቺ ላይ ግን የለም። ጸልዪ» አሉ።

አጠገቤ የነበረችው ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ፈቀቅ አለችብኝ። «አምና እንዲህ የተባለ ሰው ሳምንት አልሞላውም» አለች በሹክሹክታ። ተምሬያለሁ የምል ሴት ሳለሁ አመንኳት። ልጆቼ ትዝ አሉኝ።

ቀና ስል አባ ግንባራቸውን ይጫናሉ፤ ዓይናቸው ደም መስሏል። ጥያቄውን ያስወጣኝ ድፍረት ሳይሆን ፍርሃት ነው።

«አባ፣ ብርሃኑ ምን ይመስላል?»

«ቀለበት ነው። የቀስተ ደመና ቀለም አለው።»

«ሻማ ላይስ ያዩታል?»

«ሻማ ላይማ ይብሳል።»

«ራስዎን ያምዎታል?»

«ይፈልጠኛል። ዓይኔን ሊነቅለው ይደርሳል። ምነው?»

ይህንኑ ከሕመምተኞቼ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የዓይን ግፊት ሲጨምር በብርሃን ዙሪያ እንዲህ ያለ ቀለበት ያሳያል፤ ካልታከመም ያሳውራል። ይህን በዚያ ጉባኤ ፊት ለመናገር ፈራሁ። ተነሥቼ አክስቴን ቦታ እንድንቀያየር ለመንኳት፤ እኔ በሩ ላይ ፀሐዩን ከኋላዬ አድርጌ፣ እሷ ጥጉ ውስጥ ተቀመጥን።

«አሁንስ፣ አባ?»

ትኩር ብለው አዩኝ። «አሁን አለሽ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞሩ። «ጥሩወርቅስ?» አልኩ።

«በእሷ ላይ ግን ጠፍቷል» አሉ። ስለ ዓይናቸው ሕመም አስረዳኋቸው። ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«አርባ ዓመት ልቤን አጥራልኝ ብዬ ለመንኩት» አሉ። «ስለ ዓይኔ ለምኜ አላውቅም። ጥሩወርቅ፣ ሂጂ ታከሚ፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ቁልቁለቱ

አባ ትከሻዬን ተደግፈው ወረዱ። እፎይ ልል ስል ቆሙ። «ብርሃን አለህ ብዬ የመለስኳቸውስ?»

ከዚያ በኋላ በየደጁ እየቆሙ መጠየቅ ያዙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች ደህና ነበሩ። ከሦስተኛው አንዲት አሮጊት ወጡ።

«ባለቤቴንማ ሐምሌ ላይ ቀበርነው፣ አባ። ሐኪም ቤት ሊሄድ ተነሥቶ ነበር፤ ብርሃን አለህ ቢሉት ደስ ብሎት ቀረ። በደስታ ነው የሞተ፣ እግዜር ይስጥልን» ብለው የአባን መስቀል ተሳለሙ።

አባ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ፍኖተ ሰላም

ስንገባ መሽቶ ነበር። በሳምንቱ አክስቴ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከአባ ዓይኖች አንዱ ብቻ ተረፈ። ልባቸው የጠራ ሰው መሆናቸውን አሁንም አምናለሁ፤ ፍርሃቴን ገና ስገባ አይተውታልና። ያን የሚያህል ሰው በዓይኑ ከተሳሳተ እኔ ማን ነኝ?

ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ሥራ ስገባ መዝገቤን አወጣሁ። «ምንም የለብዎትም» ብዬ ያሰናበትኳቸውን ሰዎች ስም ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቼ ማንበብ ጀመርኩ።