ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው ባሕር

አጎቴ በወጣትነታቸው ከመንዝ ወርደው ምጽዋ ለአንድ ፈረንጅ ነጋዴ ዘበኛ ሆነው ነበር። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ከዕቃው ሁሉ አንዲት ሥዕል ትቶላቸው ሄደ። እሳቸውም በበግ ጠጉር ባና ጠቅልለው፣ በመኪናም በበቅሎም አድርገው እዚሁ መንዝ፣ ሞላሌ ድረስ አመጧት። ያኔም አሮጌ ነበረች ይሉ ነበር። በኋላ ለእኔ ሲሰጡኝ "ጭስ እንዳይነካት" አሉና ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ሥዕሏ በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራች ናት። ያችው ምጽዋ ናት ይሉ ነበር፤ ከታች ባሕር፣ ዳር ዳሩን ነጫጭ ፎቅ ቤቶች፣ ውሃው ላይ ትናንሽ ጀልባዎች። ሰማዩ ክረምት ሲወጣ እኛ ዘንድ እንደሚሆነው ጥርት ያለ ነው፤ ሙቀቱ ግን እንደ ምድጃ ነው ይሉን ነበር አጎቴ። ቀለሟ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል።

እኛ አገር እንጨት እንደልብ ስለሌለ የምናነደው ኩበት ነው፤ ጭሱ ግድግዳውን ሁሉ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ሚስቴ ከአሮጌ ነጠላዋ መጋረጃ ሰፍታ ከለለቻት። የሰቀልናት በምሥራቁ ግድግዳ ነው፤ ሌላውን በሩ፣ መደቡና ጎታው ይዘውታል። ከተጋረደች ወዲያ የሚገልጣት አልነበረም። ረሳናት ማለት ይቻላል።

ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያላት አንድ ልጅ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ሄደ። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እሷም ቤታችን ስትመጣ ከመቀመጧ በፊት ወደዚያ ግድግዳ ዞራ ትሰግዳለች፣ ስትወጣም እንዲሁ። የሚጸልይ ሰው ወደ ምሥራቅ ይዞራልና ምንም አልመሰለንም።

ባለፈው ዓመት አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ጎልማሳ ከአዲስ አበባ መጣ። ገበያ ላይ የሥዕሏን ወሬ ሰምቶ ኖሯል። ጎረቤታችን መደቡ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር።

"አባባ፣ ሥዕሉን ልየው?" አለኝ።

ሚስቴ መጋረጃውን ሳብ አደረገችው። ጎረቤታችን ብድግ ብላ ነጠላዋን አጣፋችና ጎንበስ አለች። ቀና ስትል አየችው።

"እመቤቴስ?" አለች።

"የቷ እመቤትሽ?" አለቻት ሚስቴ።

"እዚህ ያለችዋ ነቻ!"

ይኼኔ ገባን። እኛ ዘንድ መጋረጃ ያለው ሥዕል የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ማርያም ናት ብላ፣ ለዚያች ከተማ እየሰገደች ልጇን ስትለምን ኖራለች። ገዢው ሊስቅ ሲል ሚስቴ ገላመጠችው።

"ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?" አለችኝ ጎረቤታችን።

"ባሕር ነው።"

"ልጄ የተሻገረው?"

"ያው አንድ ባሕር ነው ይላሉ።"

"አበስኩ ገበርኩ! ለጠላቴ ስሰግድ ኖሬያለኋ!" አለችና እንዝርቷን አንስታ ወጣች።

ገዢው በሚቀጥለው ገበያ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ሚስቴ "ይውሰድልን፣ ከጎረቤት አቆራረጠችን" አለች። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነበር። ጎረቤታችን "ስግደቴን ሁሉ ውሃ በላው፤ ልጄም ቀርቷል፣ እርሜን ላውጣ" ማለት ጀምራለች። ሰው ልጁ መሞቱን ሳይሰማ እንዴት ድንኳን ይጥላል?

ነፍስ አባታችንን አመጣኋቸው። እሳቸውም እሷን አስጠሯት።

"ስትሰግጂ ማንን ነበር የምትጠሪው?" አሏት።

"እመቤቴን ነዋ፣ አባ!"

"እንግዲያ የሰማችሽም እሷ ናት። ግድግዳው ላይ ያለውን ማን ጠየቀው?"

ጎረቤታችን ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ሚስቴን "እስቲ ግለጪው" አለቻት። ቀረብ ብላ ስታይ ቆየችና፣ "ጀልባው ላይ ሰው አለ?" አለችኝ።

አላውቅም ነበር። ሚስቴ ጥጥ አርጥባ ጥላሸቱን ቀስ እያለች ጠረገችው። አንድ የሚቀዝፍ፣ አንድ የቆመ ሰው ወጣ።

"የቆመው ወዴት ነው የሚያየው?"

"ወደ ቤቶቹ" አልኳት።

"ወደ የብሱ ነው በለኛ" አለች። እርም የማውጣቱን ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም።

ገዢው ሲመለስ ጎረቤታችንን ጠይቃት አልኩት።

"ሰው እንደተሳፈረበት? ሳይወርዱማ አይሸጥም!" አለችው። ያን ጊዜ እሱም ሳቀ፣ ሚስቴም ሳቀች። ጠላውን ጠጥቶ መኪናው ሳያመልጠው ወጣ።

ልጁ እስከ ዛሬ አልደወለም። ጎታውን አንስተን ሥዕሏን እሱ ወደነበረበት ግድግዳ አዛወርናት፤ መጋረጃም የላት። ጎረቤታችን ስትገባ ወደ ባዶው ምሥራቅ ትሰግድና ዞር ብላ ጀልባውን ታያለች።

"አልወረዱም?" ትላታለች ሚስቴ።

"ገና ናቸው" ትልና እንዝርቷን ታነሳለች።