የእናቴ ጉልበትና የላሟ በረት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም። አንተ አንባቢዬ አታውቀኝምና ላንተ መናገሩ ይቀለኛል።

እናቴ የላፍቶ ዙሪያ ገና እርሻ ሳለ ጀምሮ ላም ታልብ ነበር። መሬቱ አልቆ ኮንዶሚኒየም ሲከበን አንዲት ላምና አንድ በረት ቀሯት። እኔ በረቱን አፍርሼ የሚከራዩ ክፍሎች ልሠራበት ፈለግሁ። ስነግራት፣ "እኔ ቆሜ እያለሁ በረቴ አይፈርስም" አለችኝ።

ከዚያ ቀኝ ጉልበቷ አላስሄድ አላት፤ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ራጁን እያሳየ ያለቀው የጉልበቷ የውስጥ በኩል ብቻ መሆኑን አስረዳን። ያንን ጎን ብቻ ቆርጦ በብረትና በፕላስቲክ መተካት ይቻላል፤ ጅማቶቿ ሳይነኩ ይቀራሉ፣ ጉልበቷም በደንብ ይታጠፋል። ሌላው ጎን ካለቀ ግን ወደፊት ድጋሚ ሊከፈት ይችላል። ሙሉው ቢቀየር ይህ ስጋት ይቀንሳል፤ መታጠፉ ግን እንደ ፊተኛው አይሆንም። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ "እማማ፣ ቁጢጥ ብለው የሚሠሩት ሥራ አለ?" ብሎ ጠየቃት።

የመለስኩት እኔ ነኝ። "የለም ዶክተር፤ ወንበር ላይ ነው የምትውለው። ሙሉው ይሁንላት" አልኩት። ጠዋት ያለበችው ወተት ሽታ ከነጠላዋ ሳይለቅ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ዋሸሁ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ያስተማረችውን ልጇን በሰው ፊት ውሸታም አታደርግም። እኔስ ዝም እንደምትል አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። የተማመንኩት በዚያ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሰመረ። ሰፈሩ "እናቱን ያሳከመ" እያለ ይመርቀኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ቁጢጥ ማለት ስላቃታት ላሟ ተሸጠች፤ በረቱም ፈርሶ ክፍሎች ተሠሩበት። አሁን እኛም የላስቲክ ወተት ነው የምንገዛው።

ለዕድሜዋ ሙሉው ይሻላት ነበር እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ። ምናልባት እውነት ይሆናል። እኔ ግን ያን ቀን የመለስኩት ስለ ጉልበቷ አስቤ አይደለም፤ ስለ በረቱ ነው።

በቀደም ክፍሎቹ ፊት ለፊት ወንበር አውጥታ ተቀምጣ አገኘኋት። "እማዬ፣ ጉልበትሽን ያምሻል?" አልኳት።

"ምን ሠርቼበት ይመመኝ፣ ልጄ?" አለችኝ።

ይቅር በይኝ ማለት ያኔ ነበር። የኪራይ መሰብሰቢያ ቀን ስለነበር የመጀመሪያውን ክፍል በር አንኳኳሁ።