ከማናማ ላርናካ ሦስት ሰዓት

ይመኙሻል ጦርነቱ ሲመጣ ካርቱም ውስጥ ካለው ሰፈሯ፣ ከጀብራ ያልወጣች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ጠርዙን እየዘመዘመች ሁለት ልጆች አሳድጋለች። ጎረቤቶቿ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ፖርት ሱዳንና ወደ ግብፅ ሲበታተኑም፣ «የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ የት ልሂድ?» ብላ ቀረች። ሰፈሩ ጭር ሲል፣ ሰው የሌለበት ቤት በር በነፋስ ሲከፈትና ሲዘጋ መስማት ለመደች።

ልጆቿ ቀደም ብለው ወጥተው ነበር። ሳምሶን ባህሬን፣ ማናማ ውስጥ የዓሣ ጀልባ ላይ ይሠራ ነበር። ሔለን ቆጵሮስ ውስጥ፣ ላርናካ ከተማ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። ሁለቱም ደሴት ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ምን ያህል ርቀት እንዳለ ግን እናታቸው ጠይቃ አታውቅም።

መብራትም ኔትወርክም በጠፋበት ወቅት፣ ሰፈሩን ከዓለም የሚያገናኘው የአብዱልወሃብ ሱቅ ነበር። ጣሪያው ላይ ስታርሊንክ የሚባለውን የሳተላይት ኢንተርኔት ሰቅሏል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይመኙሻል እዚያ ተቀምጣ ከሳምሶን ጋር በቪዲዮ አወራች። ወደቡ ላይ ቆሞ ነበር። «ያላ እማዬ፣ ጀልባው ሊነሳ ነው» ብሎ ተሰናበታት። ስልኩን ከእጇ ሳታስቀምጥ ሔለን ደወለች።

«እማዬ፣ ሳምሶን እንደሚመጣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የት ነው የሚመጣው?»

«እዚህ ነዋ! አሮጊቷን ላናፍሳት ባሕሩ ዳር ብወጣ፣ ፊት ለፊቴ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ወላሂ እሱ ነው! ስጠራው ዝም ብሎ ያየኛል። ልብሱ ውሃ ያንጠባጥባል።»

ይመኙሻል ወደ ባለሱቁ ዞራ፣ «አብዱልወሃብ፣ ከማናማ ላርናካ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» አለችው።

ስልኩን ነካካና፣ «ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፣ ኻልቲ። ቀጥታ በረራ ከተገኘ ሦስት ሰዓት ያህል። ማን ሊሄድ ነው?» አላት።

ወደ ስልኩ ተመለሰችና፣ «ሔለን፣ አጠገቡ እንዳትደርሺ!» ብላ ጮኸች።

«ተነሳ እኮ፣ እማዬ። ወደ ውሃው እየገባ ነው።»

ዘጋችባትና ሳምሶን ጋ ደወለች። ሁለቴ ጠርቶ ዝም አለ። በሦስተኛው አነሳ፤ የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«ከዚያ ጀልባ ውረድ!»

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው።»

«ባጠባሁህ ጡት ይዤሃለሁ፣ ውረድ!»

እየተነጫነጨ ወረደ።

ጀልባው ያለ እሱ ሄደ። በማግስቱም ዓሣውን ጭኖ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይጎዳበት በሰላም ተመለሰ። ይመኙሻል ይህን ስትሰማ አፈረች፤ ልጄን በከንቱ እንጀራውን አሳጣሁት ብላ ተቆጨች። ማታውኑ ሳምሶን ደወለ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

«ሰዎቹ ተቀይመውኛል።»

«ስለ ቀረህባቸው?»

«አይደለም፣ እማዬ። ‹ሌሊቱን ሙሉ ከኋላችን ተቀምጠህ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አደርክ፤ ምን በደልንህ?› ነው የሚሉኝ።»

ያን ሥራ ተወው፤ አሁን ዳቦ ቤት ተቀጥሯል። ሔለንም አሮጊቷን በሌላ መንገድ ታናፍሳለች። ወደ ጀብራ አንዳንድ ጎረቤት መመለስ ጀምሯል፤ ምሽት ላይ እዚህም እዚያም መብራት ይታያል። ይመኙሻል ልጇ በደወለ ቁጥር ግን አንድ ጭንቅ አላት። ስታርሊንኩ ሲደካክም መልኩ ቀድሞ ይመጣል፣ ድምፁ ይዘገያል። ስልኩ ውስጥ ሆኖ ዝም ብሎ ሲያያት፣ ድምፁ እስኪደርስ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች።