የሰኞዋ ሴት

ሰኞ ሰኞ የደሟን ቅጥነት ልታስለካ ክሊኒክ የምትመጣዋ ሴት ሁልጊዜ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትቀመጠው፤ ከኋላዋ ሰው ሲያልፍ አትወድም። ሰው በሚያቀልጥ ሙቀት እንኳ ሹራቧን አታወልቅም። ደም ማቅጠኛ የምትውጠው እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ነው።

ነርሷ ለመርፌ እጅጌዋን ስትሰበስብላት ክንዷ እንደ ሰነበተ ሙዝ ጠቁሯል፤ ከብልዙ መሀል የአራት ጣት ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«መድኃኒቱ ነው ሲስተር» አለች ሳትጠየቅ። «ትንሽ ሲነካኝ ይበልዛል።»

«መድኃኒት ጣት አለው እንዴ?» ነርሷ ትዕግሥቷ አለቀ። «ይህን እየዋጥሽ ጭንቅላትሽን ብትመቺ፣ ውስጥ ውስጡን ደም ፈሶሽ ትሞቻለሽ!»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። ባለፈው ሰኞ የነበረው የፊት ጥርሷ ዛሬ የለም።

በሩ በእርግጫ ተመታ። «አትጨርሺም እንዴ አንቺ!» ብሎ አንድ ወንድ ከውጭ ጮኸ። ነርሷ ወደ በሩ ዞረች። ሴትዮዋ ግን ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ መርፌው የወጣበትን በጥጥ ተጫነችው።

«ስሚኝ እህቴ» አለች ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዶክተሩ ወደ አዲሱ ክኒን ሊቀይርሽ ነው። መርጋቱን እንደዚህኛው ይከላከላል፤ ጭንቅላት ውስጥ የማድማቱ ነገር ግን ይቀንሳል። በዚያ ላይ በየሳምንቱ እየመጡ ደም ማስለካት የለም፤ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ መዋጥ ነው።»

ሴትዮዋ ያኔ ደነገጠች። የነርሷን እጅ ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«በናትሽ ሲስተር፣ አሮጌው ይሁንልኝ። ሰኞ ሲመጣ በምን ሰበብ ነው ከዚያ ቤት የምወጣው?»